«ስትውጪ ነው ወይስ ሲርብሽ?» ብላ ለጠየቀችኝ ሲስተር

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ። ዛሬ አንዲት ነርስ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ክፍል ነው የምትሠራው።

ከኤችአይቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቴን ቀን ሳላዛንፍ ነበር የምወስደው። አምና እናቴ ታመመችና ላስታምማት ገጠር ሄድኩ። የ3 ወር መድኃኒት ይዤ ነበር፣ አለቀ። እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ እንዳልወስድ የሚያውቀኝ ሰው በዛብኝ። ፈራሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ 7 ወር ያለ መድኃኒት ቆየሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ምግብ አልወርድ አለኝ። መጀመሪያ በርበሬ ያለው ወጥ፣ ቀጥሎ እንጀራው ራሱ፣ በመጨረሻ ውሃ። ምራቄን ስውጥ እንኳ ደረቴን ከውስጥ በምላጭ የሚሰነጥቁኝ ይመስለኝ ነበር። የሄድኩበት ክሊኒክ ሆዴን ጫን ጫን አድርገው «ጨጓራ ነው» አሉኝ። ስለ ቫይረሱ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ኦሜፕራዞልና የሚጠጣ አንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማርከሻ) ሰጡኝ። 2 ወር በአጥሚት ኖርኩ። 9 ኪሎ ቀነስኩ።

ሲስተር ጋ የሄድኩት መድኃኒቴን እንደገና ለመጀመር ነው። ስለ መዋጡ ልነግራት አላሰብኩም። ክብደቴን ካርዱ ላይ አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምን እየበላሽ ነው?»

«ጨጓራ አለብኝ» አልኳት።

«የሚያምሽ ስትውጪ ነው ወይስ ሲርብሽ?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስውጥ ነው አልኳት። አፌን አስከፍታ በባትሪ አየች። ምላሴና ላንቃዬ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል።

ሲዲ4 (ቫይረሱ የሚያጠቃው፣ የሰውነትን መከላከያ አቅም የሚያሳየው የደም ሴል ቁጥር) ሲለካ 86 ሆነ። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሲዲ4 ከ200 በታች ሲወርድ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ አፍ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ምግብ የሚወርድበትን ቧንቧም ይይዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ውስጡን ማየት) አያስፈልግም፤ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ይሰጣል፣ አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ከሐኪሙ ጋር ተማክራ አስጀመረችኝ። «ቢሻልሽም ባይሻልሽም በ7ኛው ቀን ነይ» አለችኝ።

በ7ኛው ቀን አፌ ጠርቷል። ሕመሙ ግን አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «መድኃኒቱን ጨርሺና እናያለን» ብሎ የሚመልሰኝ ይመስለኛል። እሷ «በሳምንት ካልተሻለሽ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ውስጡ መታየት አለበት» አለች። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ገብታ ሪፈር አጽፋልኝ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ላከችኝ።

ኢንዶስኮፒ በጣም ያስፈራኝ ነበር። ለምትፈሩ ልንገራችሁ። 8 ሰዓት ያህል ምንም ሳልበላ ሄድኩ። ጉሮሮዬን በስፕሬይ አደነዘዙልኝ፣ በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ የሚነከስ ፕላስቲክ አፌ ውስጥ አደረጉ። ያቅለሸልሻል፣ እንባ ይመጣል፣ ግን 10 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ናሙና ሲወስዱ ጭራሽ አልተሰማኝም። ቁስል ነበረ። ሐኪሙ ከቁስሉ ዳርም ከመሃሉም ወሰደ። ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ዳሩ ላይ፣ ሲኤምቪ የሚባለው ሌላ ቫይረስ ደግሞ መሃሉ ላይ ስለሚገኝ ነው አለኝ። ውጤቱ ሄርፐስ ሆነ። አሲክሎቪር ታዘዘልኝ። በ5ኛው ቀን ውሃ ያለ ሕመም ጠጣሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኤአርቲውንም የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ምርመራዎች ካለቁ በኋላ ወዲያው ጀምሬ ነበር። ያኔ ሲስተር አንታሲዱን ቦርሳዬ ውስጥ አይታ ደነገጠች። አንታሲድ ከዶሉቴግራቪር (ከምወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት) ጋር አብሮ ከተወሰደ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ኪኒኑ አንታሲዱ ከመጠጣቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተጠጣ 6 ሰዓት በኋላ ነው መዋጥ ያለበት። ይህንንም ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ከዚያ ሁሉ ወረፋ መሃል እኔን አይተሻል። ስለጠፋሁበት 7 ወር አንድም ቀን አልተቆጣሽኝም።

መዋጥ የሚያማችሁ፣ ወይም እንደኔ መድኃኒት አቋርጣችሁ መመለስ ያፈራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ የጤና ጣቢያውን ስም እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሳችሁ የገዛችሁትንም ጨምራችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አንድ በአንድ አውጥታ ነው የምታየው።