«ፑት ኦፍ» ወይስ «ፖስትፖን»?

የደብረ ማርቆስ ተማሪም ሆነ የባሕር ዳር አስጎብኚ እንግሊዝኛ ሲለማመድ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሁለቱም አንድን ነገር ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ማለት ናቸው።

ፖስትፖን፦ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አያሳስትም። ለደብዳቤ፣ ለማመልከቻና ለማስታወቂያ ይሆናል።

ፑት ኦፍ፦ የዕለት ተዕለት ወሬ ቋንቋ ነው። ጥናቱን ዛሬ ነገ እያለ ለሚጎትት ሰው ከፖስትፖን ይልቅ እሱ ይስማማል። ግን ጣጣ አለው። «ኢት» ሲጨመር መሃል ይገባል፤ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ደጋግሞ ጮክ ብሎ ማለት ይረዳል። ሌላ ትርጉምም አለው። ጣና ዳር ዓሣ የቀረበለት እንግዳ «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» ካለ፣ ምሳውን ለሌላ ጊዜ አላስተላለፈም። ሽታው ፍላጎቱን ዘግቶበታል፤ ሳህኑን ቶሎ ማንሳት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍና በሰዋስው ለሚጨነቅ ጀማሪ ፖስትፖን ይሻላል። ጀልባ ላይ ከእንግዳ ጋር ለሚውል ግን ፑት ኦፍ የግድ ነው፤ እሱ ባይናገረው እንኳ እንግዶቹ ይናገሩታል።