«ቤትም ትምህርት ቤትም እይዝላችኋለሁ» ለሚል ደላላ እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ በተለይ በዚህ ክረምት ልጆች ይዛችሁ ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድ ወይም ከሌላ ስቴት ወደ ዳላስ አካባቢ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ ሊዝ (የኪራይ ውል) ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የገባኝ ከፍዬ፣ ፈርሜ፣ 1,300 ማይል ያህል መንገድ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አሌክሳንድሪያ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ኪራዩ በየዓመቱ እየጨመረ አላስቀምጥ አለን። እህቴ ሪቻርድሰን ከገባች ቆይታለች፤ «እዚህ ኪራዩ ይሻላል፣ የስቴት የገቢ ግብር የለም፣ ኑ» ትለን ነበር። እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ ከቀትር በኋላ ገብቼ የምወጣው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ትንንሾቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚቀበላቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እህቴ ነች፤ የራሷን ልጆች ስትወስድ የእኔንም ትወስዳለች ተባብለን ተስማማን። እኔ «አንደኛ የተባለ ትምህርት ቤት» ፍለጋ አልሄድኩም። የፈለግሁት የእህቴ ልጆች የሚማሩበትን ያንን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

ከደላላው ጋር ያገናኘችኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እናት ናት፤ እሷም ከሌላ ሰው ሰምታ ነው። የአገር ልጅ ነው፣ ሲያወራ ትሑት ነው፣ «እህቴ» ሳይል አረፍተ ነገር አይጨርስም። ነገሩን ባጭሩ አስቀመጠልኝ፦ ቤት ይፈልጋል፣ አፓርትመንቱ የዚያ ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ሦስቱንም ልጆች ያስመዘግባል፣ ሰነዳቸውን ከቨርጂኒያ ያስተላልፋል። ዋጋው 1,500 ዶላር፦ 900 ቅድሚያ፣ 600 ሊዙ ሲፈረም። በዜል ላክሁለት። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ስም አጠገብ 9 ቁጥር የተጻፈበት የቤት ኪራይ ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሊዙን በስልክ ፈረምኩ።

ኦገስት ላይ ልጆቹን ይዤ ለምዝገባ ሄድኩ። መዝጋቢዋ አድራሻዬን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፣ እንደገና ጻፈች፣ ቀና ብላ አየችኝና «ይህ አድራሻ የእኛ ዲስትሪክት አይደለም» አለችኝ። የፖስታ አድራሻዬ ሪቻርድሰን ይላል። ከተማው ሪቻርድሰን ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አይገባንም፤ የምንኖርበት ሰፈር ያለው ፕሌኖ ዲስትሪክት ውስጥ ነው። የእህቴ ቤት በመኪና አምስት ደቂቃ ነው፤ ድንበሩ የሚያልፈው በመካከላችን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነውና። ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ዲስትሪክቱና ካውንቲው አንድ ናቸው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ካላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግም ጀርመንታውንም ያው አንድ ዲስትሪክት ነው። ቴክሳስ እንደዚያ አይደለም። ዲስትሪክቶቹ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ድንበራቸው የከተማውን ድንበር አይከተልም። የሪቻርድሰን ዲስትሪክት ከዳላስ ከተማም ከጋርላንድም ቁራጭ ቁራጭ ይይዛል። ከሪቻርድሰን ከተማ ደግሞ በሰሜን በኩል ያለው ክፍል ወደ ፕሌኖ ዲስትሪክት ይሄዳል። በአንድ ዲስትሪክት ውስጥም ቢሆን የትኛው ሕንፃ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ በመንገድ ይለያያል፤ የጋርላንድ ዲስትሪክት ደግሞ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጥበት የራሱ አሠራር አለው። የሚያሳዝነኝ ይህን ዓይነቱን ነገር ከአሌክሳንድሪያ ማወቅ ነበረብኝ። ፖስታችን አሌክሳንድሪያ እያለ ልጆቼ የተማሩት በፌርፋክስ ካውንቲ ነበር። ግን ሰው በሚያምነው ሰው እጅ ሲወድቅ የሚያውቀውንም ይረሳል።

ያ የላከልኝ ፎቶም ውሸት አልነበረም። የኪራይ ገጾቹ «በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች» ብለው የሚዘረዝሩት ልጃችሁ የሚገባበትን ብቻ አይደለም፤ ቅርብ የሆነውንም ይጨምራሉ። ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው ቁጥር የሚመጣው ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ከሚሰጠው ድረ ገጽ ከግሬትስኩልስ ነው፤ በአብዛኛው በፈተና ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው። ከታች በደቃቁ «ከዲስትሪክቱ አረጋግጡ» የሚል ማሳሰቢያ አለ። እሱ ያንን ቆርጦ ነው የላከልኝ።

ደወልኩለት። አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። «እህቴ አታስቢ፣ መፍትሔ አለው» አለኝ። መፍትሔው ሌላ 400 ዶላር ነው፦ እህቴ ቤት እንደምንኖር የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ኖተራይዝ አስደርጎ ሊያመጣ። በዚያች ሰዓት እንዴት እንደፈተነኝ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፤ ልጆቼ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። እሺ ያላልኩት የምዝገባ ፎርሙን አንብቤ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ፎርሙ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ በምዝገባ ላይ ሐሰተኛ መረጃ ወይም ሰነድ ማቅረብ በቴክሳስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 37.10 ወንጀል ነው፤ በሐሰተኛ ሰነድ ልጅ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ በትምህርት ሕጉ 25.001 መሠረት የልጁን የትምህርት ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። የሚፈርመው ደላላው አይደለም። እናንተና ያ ቤቱን ያበደራችሁ ዘመድ ናችሁ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የምትጠብቁ ደግሞ የወንጀል መዝገብ ምን እንደሚያመጣባችሁ ለእናንተ አይነገርም።

ይህን ስጽፍ ግን በእውነት ዘመድ ቤት ተጠግተው ያሉትን ማስፈራራት አልፈልግም። ቤት አጥታችሁ ወይም ኪራይ መክፈል አቅቷችሁ እህታችሁ ሳሎን ውስጥ ከሆናችሁ፣ ያ ማጭበርበር አይደለም። ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፤ በችግር ምክንያት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ልጅ የሊዝ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤት ሰነድ ባይኖረው እንኳ ወዲያው መመዝገብ አለበት ይላል። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አለው። «የማኪኒ ቬንቶ ተጠሪ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያ የለውም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ቻርተር ትምህርት ቤትም ቢሆን ነፃ ነው፣ ቦታ ሲጠብ በዕጣ ነው የሚገባው። «ወንበር አስይዝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሌለውን ነው የሚሸጠው። «ሰነድ አስተላልፋለሁ» ያለኝም እንደዚሁ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ከቀድሞው ጠይቆ ያስመጣል፣ በነፃ። ቤት ማፈላለጉ ራሱ ሳይቀር፦ እዚህ ቴክሳስ አፓርትመንት አፈላላጊ የሚባሉት ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ከአፓርትመንቱ ነው እንጂ ከተከራይ አይደለም፤ ለዚህ ሥራም ከቴክሳስ ሪል እስቴት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ፈቃዱን በስም ፈልጎ ማየት ይቻላል። እኔ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ የሰውየው ስም የለም።

ስለ ትንሿ ልጄ ልንገራችሁ። የተወለደችው ሴፕቴምበር 14 ነው። ቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሚሞላውን ልጅ ኪንደርጋርተን ያስገባል። ስለዚህ ልጄ ዝግጁ ነበረች፤ ቦርሳዋን ገዝተናል፣ ስሟን መጻፍ አስተምሬያታለሁ። ቴክሳስ ግን ልጁ ሴፕቴምበር 1 ላይ አምስት መሙላት አለበት። በ13 ቀን አለፋት። ሰውየውን ከመምጣታችን በፊት የልደት ቀኗን ነግሬ ጠይቄው ነበር፣ «ችግር የለም፣ አስገባታለሁ» አለኝ። ልጄ ቦርሳዋን አዝላ ስታለቅስ ያየሁበት ቀን ከሆዴ አይወጣም። በኋላ አንዲት ደግ የዲስትሪክት ሠራተኛ ነች ያስረዳችኝ፦ በቴክሳስ አራት ዓመት የሞላው ልጅ እንግሊዝኛ የማይናገርና የማይረዳ ከሆነ፣ ወይም የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ነፃ ፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ክፍል) የመግባት መብት አለው። ቤታችን በአማርኛ ስለምናወራ ፈትነዋት ገባች። ከሜሪላንድ የምትመጡ በዚህ አትቸገሩም፣ እዚያም ቀኑ ሴፕቴምበር 1 ነው።

ሁለተኛው ልጄ በአነጋገር ምክንያት አይ ኢ ፒ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለእሱ ብቻ ያወጣው የልዩ ድጋፍ ዕቅድ፣ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ከስቴት ወደ ስቴት ስትሄዱ አዲሱ ዲስትሪክት «መጀመሪያ እንደገና እንመርምር» ብሎ ልጁን ባዶ እጁን ማስቀመጥ አይችልም። በፌዴራል ሕግ፣ አዲስ ምርመራ ካስፈለገ እስኪያደርግና አዲስ ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ከነበረው ጋር ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። ግን ወረቀቱ በእጃችሁ ካልሆነ ያንን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ «እሱ ያስተላልፋል» ብዬ ትቼው ስለመጣሁ ልጄ ሰባት ሳምንት ያለ እርዳታ ቆየ። የመጨረሻውን አይ ኢ ፒ፣ የመጨረሻውን ሪፖርት ካርድና የክትባት ካርዱን በገዛ ቦርሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ትልቁ ልጃችሁ ሃይስኩል ከሆነ ደግሞ ትራንስክሪፕቱን ያዙ፤ ቴክሳስ ለመመረቅ እንደ አልጄብራ አንድና ባዮሎጂ ባሉ ትምህርቶች የስቴት ፈተና አለና፣ ቨርጂኒያ የጨረሰው ትምህርት እንዴት እንደሚቆጠርለት ካውንስለሩ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ አድርጉ።

ሌላ ያስደነገጠኝ ነገር የልጆቼን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና ፓስፖርት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም መላኬ ነው። ትምህርት ቤት ሶሻል ሴኩሪቲ የለውም ብሎ ልጅ አይመልስም፤ ወረቀት ለሌላቸው ልጆችም ቢሆን የመማር መብታቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1982 ጀምሮ የጸና ነው፣ ክሱም የተነሳው ከዚሁ ከቴክሳስ ነው። እንግዲህ ያ ሰው ቁጥሩን ለምን ፈለገው? አላውቅም፣ ግን አልተኛሁም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ክሬዲት በወላጅ ጥያቄ በነፃ ይታገዳል፤ ለሦስቱም የክሬዲት መዝገብ ያዥ ኩባንያዎች፣ ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው። እኔ አሳግጃለሁ። እንደ እኔ የላካችሁ ካላችሁ ዛሬ አድርጉት።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ሊዙን ላፍርስ ብል የአንድ ወር ኪራይ 85 በመቶ ቅጣት እከፍላለሁ፤ ኪራዩ 1,780 ስለሆነ 1,513 ዶላር ማለት ነው፣ ያውም ሰው እስኪገባበት የሚቆጠረውን ኪራይ ሳይጨምር። ስለዚህ ተቀምጠናል። የገቡበት ትምህርት ቤት መጥፎ አይደለም፤ መምህራኑ ደጎች ናቸው። ግን እህቴ ሁለት ቦታ በአንድ ሰዓት መድረስ አትችልም፣ አውቶቡሱ ድንበር አይሻገርም፣ የሁለቱ ዲስትሪክት የእረፍት ቀንም አይገጥምም። ፈረቃዬን ቀንሼ በወር የማጣው ደመወዝ ለደላላው ከከፈልኩት ጋር አይወዳደርም። ከዲስትሪክት ውጪ ለሚመጡ ልጆች ዝውውር ጠይቄአለሁ፤ እሱም ቦታ ሲኖር ብቻ ነው።

እናንተ ይህ እንዳይደርስባችሁ፣ ቤቱን ስትወዱት ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉ አድራሻውን፣ የሕንፃ ቁጥሩን ጭምር፣ የዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ከዚያ ዲስትሪክቱ ራሱ ጋ ደውሉ። «በዚህ አድራሻ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት ይገባል? ክፍሉ ሞልቶ ወደ ሌላ የምትልኩት ልጅ አለ ወይ? በሚቀጥለው ዓመት የሚቀየር ድንበር አለ ወይ?» በሉ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፣ አያስከፍልም። መልሱን በኢሜል እንዲልኩላችሁ ለምኑ። ፈቃድ ያላቸው የቤት ወኪሎች ስለ ትምህርት ቤት ስትጠይቋቸው ብዙ ጊዜ «ራሳችሁ ከዲስትሪክቱ አጣሩ» የሚሏችሁ ስለ ሰነፉ አይደለም፤ የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሰውን በዘሩ ወይም በመጣበት አገር እየለዩ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ይጠነቀቃሉ። እኔ ያንን ጥንቃቄ እንደ ንፉግነት ቆጥሬ፣ ሁሉንም እሺ የሚለኝን መረጥኩ።

ስሙን በውስጥ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጉዳዩን ወደ ጀስቲስ ኮርት፣ አነስተኛ የገንዘብ ክሶች ወደሚያየው ፍርድ ቤት፣ ልወስደው ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ እዚያ እስከ 20,000 ዶላር ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ለቴክሳስ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም አመልክቻለሁ። ለተመሳሳይ ነገር የከፈላችሁ ካላችሁ የዜሉን ማስረጃ አታጥፉ። ሰውየው የሚያወራው በድምፅ መልእክት ነው፣ ክርክር ሲመጣ ደግሞ ከሁለቱም ስልክ ያጠፋዋል፤ የእኔን ሦስቱን እንደዚያ አጥቻለሁ። ያላችሁን ዛሬውኑ ወደ ስልካችሁ አውርዱት።