አንደርሰን ኤስቢ50፦ ስለ ሮቦት ባትሪ ማገናኛና ስለ ጫፎቹ

በተማሪዎች የሮቦቲክስ ውድድር መሀል ሮቦት ሲቆም ጥርጣሬው ቶሎ የሚያርፈው በፕሮግራሙ ወይም በሞተሩ ላይ ነው፤ ባትሪውን ከሮቦቱ ጋር የሚያገናኘው አጭር ሽቦ ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይታያል። ይህ ግምገማ ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን በተባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ቡድኖች ዘንድ የተለመደውን አንደርሰን ኤስቢ50 የተባለ ማገናኛ፣ እንዲሁም አብረውት የሚገጠሙትን ሽቦና ካፖኮርዳ (ሽቦውን ከባትሪው ምላስ ጋር በብሎን የሚያያይዘውን የብረት ጫፍ) ይመለከታል። አስተያየቴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ማገናኛው በሚገባ የታሰበበት ዕቃ ነው፤ ችግር የሚፈጠረው እኛው በእጃችን በምንሠራቸው ጫፎች ላይ ነው።

ባትሪው 12 ቮልት ብቻ በመሆኑ ተማሪዎች ይንቁታል። በእርግጥ በደረቅ እጅ ቢነኩት አይነዝርም። ነገር ግን 18 አምፔር ሰዓት ገደማ የሚይዝ የታሸገ የእርሳስ አሲድ ባትሪ አዲስ ሳለ የውስጥ ሬዚስታንሱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ኦም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የብሎን መፍቻ ወይም የጣት ቀለበት ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ እስከ 1000 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ሊያልፍበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ብረትን በቅጽበት የሚያግል፣ ሥጋን ክፉኛ የሚያቃጥል መጠን ነው። ሮቦቱ ላይ ያለው የ120 አምፔር ዋና ብሬከር (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ ማጥፊያ) ከዚህ አያድንም፤ አደጋው የሚደርሰው ከብሬከሩ በፊት ባለው መስመር ላይ ነውና።

ወደ ማገናኛው ስንመለስ፣ የመጀመሪያው መልካም ጎኑ ወንድና ሴት የሚባል ክፍል የሌለው መሆኑ ነው። በባትሪው በኩል ያለውና በሮቦቱ በኩል ያለው ግማሽ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለመለዋወጫ የሚያዘው ዕቃ አንድ ብቻ ነው። ቅርጹም ተገልብጦ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ቀለማቸው የተለያዩ ማገናኛዎችም በውስጣቸው ባለው የቅርጽ ልዩነት ምክንያት እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ይህ ጥበቃ ግን ወሰን አለው። ሽቦውን የሠራው ተማሪ ቀዩን በኔጌቲቭ፣ ጥቁሩን በፖዘቲቭ ቀዳዳ ካስገባ ማገናኛው ስህተቱን ለይቶ አይመልስለትም፤ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጹትን የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች አይቶ፣ ከሮቦቱ ጋር ከማገናኘት በፊት በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው።

በስሙ ያለው 50 ቁጥር የአምፔር መጠኑን ስለሚያመለክት አንዳንዶችን ያሳስባል፤ ሮቦት ሌላ ሮቦት በሚገፋበት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ከ200 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላልና። ሆኖም ሙቀት ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል፤ አንድ ግጥሚያ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በ6 ጌጅ፣ ማለትም 13 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ሽቦ ጫፍ ላይ የመዳብ ምላሱ፣ ማለትም ከረንት የሚያስተላልፈው ቁራጭ፣ በትክክል የተጨመቀለት ማገናኛ ከግጥሚያ በኋላ በእጅ ሲዳሰስ ለብ ከማለት አያልፍም። እጅ የሚያስነሳ ትኩሳት ካለው የሚጠረጠረው መጭመቁ ነው።

መጭመቁን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ይህን ያህል ወፍራም ሽቦ በተራ ፒንሳ አይጨመቅም፤ ለመጠኑ የተሠራ፣ ረጅም እጀታ ያለው መጭመቂያ ያስፈልጋል። መጭመቂያ ስለሌላቸው በስታኞ የሚበይዱ ቡድኖች አሉ፤ ስታኞው በሽቦው ክሮች መካከል ሽቅብ ይሳብና ገመዱን ያደርቀዋል፣ የደረቀውና ያልደረቀው የሚገናኙበት ቦታም በንዝረት ይሰበራል። በተጨማሪም የመዳቡ ምላስ በስታኞ ከወፈረ በማገናኛው ውስጥ ካለው ስፕሪንግ ጋር በትክክል አይቀመጥም። ምላሱ ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ ከዚያም ሽቦውን ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቡድናችን በአንድ ወቅት ተጨምቆ የተዘጋጀ ሽቦ ገዝቶ፣ በዚሁ የመሳብ ፈተና አንዱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በእጄ ቀርቷል።

በባትሪው በኩል ያለው ካፖኮርዳ ከሁሉም ይበልጥ ቸል የሚባል ነው። ሮቦታችን በተጋጨ ቁጥር እየጠፋ ይነሣ በነበረበት የውድድር ቀን፣ ፕሮግራም የሚጽፉትን ልጆች ግማሽ ቀን ስንወቅስ ዋልን፤ ኋላ ላይ አንዲት ተማሪ ካፖኮርዳውን በጣቷ ነካ ስታደርገው ዞረ። የላላ መጋጠሚያ 5 ሚሊ ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት 0.75 ቮልት ይወድቃል፣ ከ110 ዋት በላይ ሙቀትም በዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል። ሮቦሪዮ የተባለው የሮቦት መቆጣጠሪያ የመጀመሪያው ስሪት ቮልቴጁ ከ6.3 በታች ሲወርድ የሞተሮችን ሥራ ስለሚያቋርጥ፣ በደከመ ባትሪ ላይ ይህች ልዩነት ግጥሚያ ታስከፍላለች። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ሲነዘር የማይላላ፣ ናይሎን ያለበት ዳዶ ነው፤ ሮንዴላው በካፖኮርዳውና በባትሪው ምላስ መካከል ሳይሆን ከውጭ በኩል ይገባል፤ በላዩም በሙቀት የሚኮማተር ቱቦና ናስትሮ ይሸፈናል። ስናጠብቅም አንዱን ጫፍ ሸፍነን ሌላውን እንሠራለን እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ገላልጠን አንተውም።

ማገናኛው ነቀፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። አዲስ ሲሆን ለመንቀል እጅግ ስለሚጠብቅ ተማሪዎች ሽቦውን ይዘው ይጎትታሉ፤ ይህም ምላሱን ከቦታው ያነቃንቃል። ለብቻው የሚሸጠውን እጀታ መግጠም ይህን ያስቀራል፤ አብሮ አለመምጣቱ ግን አይገባኝም። መቆለፊያ ስለሌለውም ሮቦቱ ውስጥ በማሰሪያ መደገፍ ይኖርበታል። ብሬከሩ ሳይጠፋ መንቀልም በምላሱ ላይ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ምላሱ እየጠቆረ ሄዶ ገጹ ከሻከረ ማጽዳቱ ስለማያዋጣ መለወጥ ይሻላል።

ገንዘቡ ለብዙ ማገናኛም ለመጭመቂያም የማይበቃ ቡድን ቢጠይቀኝ፣ ጥቂት ማገናኛ ገዝቶ በቀረው ጥሩ መጭመቂያ እንዲይዝ እመክረዋለሁ።