«ሳይሆን አይቀርም» ስንት በመቶ ነው? የሁለት ቀን ሥልጠና ታዝቤ መጣሁ

አበል የለውም። ይህን ቀድሜ የምናገረው እኛ ቢሮ ሥልጠና ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ስለሆነ ነው። በሰው 12,500 ብር፣ ከፋዩ መሥሪያ ቤት፣ ምሳና ሻይ ያለው። ቦታው ለገሃር አካባቢ ያለ ሆቴል፣ አምስተኛ ፎቅ ነው። በመስኮቱ የድሮው ባቡር ጣቢያ ይታያል። የአማካሪ ድርጅቱን ስም አልጠራም። ኋላ ላይ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ልጆቹ ደግሞ ገና ጀማሪ ናቸው።

ርዕሱ ረጅም ነው። ባጭሩ፣ መረጃ በሌለበት ወይም በሳሳበት ጉዳይ ባለሙያዎችን በወጉ ጠይቆ፣ ያሉትን ሰብስቦ ለወሳኙ አካል ማቅረብ ማለት ነው። «ይሄማ የዘወትር ሥራችን አይደል?» ብዬ ነበር የሄድኩት። ስብሰባ እንጠራለን፣ ባለሙያ ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አለቀ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አፈርኩ።

አሠልጣኙ ለሃያ ሁለታችንም ቁራጭ ወረቀት አደለን። «አንድ ባለሙያ ‹ዘንድሮ ጎርፍ ሳይመጣ አይቀርም› ቢላችሁ፣ ስንት በመቶ ማለቱ ነው?» ሳንነጋገር ጻፍን። ወረቀቶቹን ሰሌዳው ላይ ለጠፋቸው። ትንሹ 50፣ ትልቁ 95። እኔ 80 ብያለሁ። ስምንት ዓመት አንድ ክፍል አብራኝ የሠራችው ጓደኛዬ 55 ብላለች። ስንቱ ሪፖርት ላይ ነው «ሳይሆን አይቀርም» ብለን አብረን የፈረምነው!

የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ፓነል፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ማለት ነው፣ ለዚህ መላ አበጅቶለታል። በእነሱ ሪፖርት «የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው» ከተባለ ቢያንስ 66 በመቶ ነው። «በጣም ሰፊ ነው» ከተባለ ቢያንስ 90። ቃሉ ከቁጥር ጋር ታስሯል። የእኛዎቹ «ምናልባት»፣ «ይመስለኛል»፣ «አይጠረጠርም» እንደ ልባቸው ሲዞሩ ይውላሉ።

ረቡዕ ስለነበር ምሳው የጾም ቡፌ ነው። ሽሮውና ስልጆው ያስመሰግናል። ቡናው ግን ከጠዋት ጀምሮ ፔርሙስ ውስጥ የከረመ ነው፤ ወርዳችሁ መንገድ ዳር ጠጡ።

ከሰዓት በኋላ የኩክ ዘዴ መጣ። ሮጀር ኩክ ኔዘርላንድ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያዳበረው ነው። ባለሙያው ከዋናው ጥያቄ ጋር፣ ጠያቂው መልሳቸውን የሚያውቃቸው ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንድ ቁጥር አይደለም የሚሰጠው። «ከዚህ እስከዚህ ነው፣ 90 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ይላል። በዋናው ጥያቄ ላይ የግምቱ ክብደት የሚለካው እዚያ ላይ ባሳየው ነው። በማዕረግም በሽበትም አይደለም።

ከመለኪያዎቹ አንዱ «ባቡር አዲስ አበባ የገባው በስንት ዓመት ነው?» የሚል ነበር። ጣቢያውን በመስኮት እያየን ጻፍን። ከመንገድ ሥራ የመጡ አንድ ጋሼ «ከ1908 እስከ 1910» አሉ። አሠልጣኙ «አልተመታም፣ 1917 ነው» አላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በማን አቆጣጠር?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በእኛ 1909፣ በፈረንጅ 1917። ወረቀቱ ደግሞ የትኛውን እንደሚፈልግ አይናገርም። የግማሾቻችን ነጥብ እንደገና ተሰላ። አሠልጣኙ ፊቱ ቀላ፣ ግን ጥፋቱን ወዲያው አመነ። እኔ ከሁለቱ ቀን ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው። ቢሮ ስመለስ ባለፈው ዓመት የበተንነውን መጠይቅ አውጥቼ አየሁት። ሦስት ጥያቄ ላይ ዓመት ጠይቀናል፣ አንዱም ላይ አቆጣጠር የለም።

ሁለተኛው ቀን የዴልፋይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ራንድ የሚባል የጥናት ተቋም በ1950ዎቹ የጀመረው ዘዴ ነው። ሰባት ባለሙያዎች የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት በተወሰነ መጠን ለመቀነስ ስንት አቶሚክ ቦምብ እንደሚያስፈልግ ተጠየቁ። የመጀመሪያ ግምታቸው ከ50 እስከ 5,000 ተራራቀ። ሳይገናኙ፣ የአንዱ ምክንያት ለሌላው እየደረሰው፣ ደጋግመው ሲጠየቁ ልዩነቱ በጣም ጠበበ።

እኛም በራሳችን ጉዳይ ሞከርነው። ጥያቄው «የአካባቢው ቱቦ ሁሉ ከሰኔ በፊት ቢጠረግ፣ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚተኛው ውሃ በስንት በመቶ ይቀንሳል?» ነው። የተመዘገበ መረጃ የለንም። ኃላፊያችንም ነበሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቸው «60» ይላሉ፣ እኛ «እንደተባለው» እንላለን፣ ሻይ እንወጣለን። አሁን ግን ሁሉም ለብቻው ጻፈ፣ ስም የለውም። ከ15 እስከ 70 ወጣ።

ከዚያ ምክንያቶቹ ተነበቡ። 15 ያለው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ቱቦ ሲጠረግ ደለሉና ፕላስቲኩ እዚያው ዳር ይከመራል። የሚያነሳው መኪና እስኪመጣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።» ዝም ተባለ። ካዛንቺስም ፒያሳም ስሄድ ያንን ክምር ስንት ዓመት ዘልዬዋለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ብዙ ሰው ቁጥሩን አወረደ። ኃላፊያችን ሻይ ላይ «እኔም ቀንሻለሁ» አሉ። ጻፊዋ የጽዳት ክትትል ሠራተኛ ነበረች፤ ኋላ ነው እየሳቀች የነገረችኝ። በስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም።

አሁን ወቀሳው። ሪፖርቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰን። አሥራ አራት ገጽ፣ ጥሩ ጥራዝ። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ 38 በመቶ። ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ የለም። የደለሉ ነገር የለም። ደወልኩ። አስተባባሪዋ «ኃላፊዎች አንድ ቁጥር ነው የሚፈልጉት» አለችኝ። የእኛ ኃላፊ እኮ ሥልጠናው ላይ ነበሩ! ሦስት ጊዜ ደውዬ የግምቶቹን ሰንጠረዥ ላኩልኝ፣ ርዕሶቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ። የሥልጠናው ጽሑፍም እንደዚያው ነው። ወይዘሮዋ፣ ያቺ የ15ቷ፣ አንድ ገጽ ሳታነብ ነው ይዛው የሄደችው።

አዳራሹ ውስጥ ለተሠራው ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለሪፖርቱ አንድ ተኩል፣ ግማሹም ለጥራዙ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ሦስት ሰው ልንልክ ነው። ውሉ ለፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ሁለት መስመር በእስክሪብቶ ጨመርኩበት፦ ሪፖርቱ በአማርኛ ይሁን፣ ትንሹና ትልቁ ግምት ከነምክንያታቸው ይግቡ። እስካሁን ፈርመው አልመለሱትም።