ሐሳብን መመርመር ድባቴን ይፈውሳል? የሲቢቲ ሕክምና ግምገማ

ለድባቴ ሲቢቲ የሚባለውን፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን ለመለወጥ የሚሞክረውን የንግግር ሕክምና ስከታተል ከርሜያለሁ። «ይሠራል ወይ?» ለምትሉኝ፣ አዎ ይሠራል። ድባቴ ከየት እንደሚመጣ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ጎዶሎ ነው።

የሐሳቡ ባለቤት አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያስቡት ሁሉ ጨለማ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ሰውን የሚጥለው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ነው አለ።

ከሁሉ የወደድኩት ሐሳቤን እንድመረምርባት የምሞላትን የጥያቄ ወረቀት ነው። ምን ሆነ? ምን አሰብኩ? ከ100 ምን ያህል ከፋኝ? ማስረጃዬ ምንድን ነው፣ የሚቃወመውስ? አንድ ቀን ጓደኛዬ ስልክ አላነሳ ሲለኝ «ሰልችቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩና 80 ሰጠሁት። የሚቃወመውን ስፈልግ ግን በዚያው ሳምንት ራሱ ደውሎ ቡና እንደጋበዘኝ ትዝ አለኝ፤ 80ው ወደ 40 ወረደ። ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ከአልጋዬ ተነሳሁ። ደግሞ ችሎታው አብሮህ ይቀራል፤ ሕክምናውን የጨረሱ ሰዎች መድኃኒት ወስደው ካቆሙት ይልቅ ድባቴው እንደማይመላለስባቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ችግሩ የመጣው አከራዬ ቤቱን ልቀቅ ያሉኝ ጊዜ ነው። በእጄ ባለው ገንዘብ የሚገኝ ቤት የለም። አማካሪዬ ያችኑ ወረቀት አውጥታ «ይህን የሚቃወም ማስረጃ የለም?» ስትለኝ በጣም ተናደድኩ። ምን ይቃወመዋል? እውነት ነዋ! እዚህ ላይ ማብራሪያው ሰው ይበድላል፣ ጥፋቱ የኑሮህ ሳይሆን ያንተ ነው የሚል ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ብራውን እና ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የለንደን ጥናት ድባቴ የያዛቸው ብዙ ሴቶች ከዚያ በፊት ከባድ ነገር ደርሶባቸው ነበር፤ ምስጢር የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው የሌላቸው ደግሞ ይብስባቸው ነበር። ይህ የአስተሳሰብ ስህተት ነው?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪው ጄከብሰን እና ባልደረቦቹ ሕክምናውን ከፋፍለው ሲሞክሩት፣ ሰውዬው ቀኑን እንዲያቅድና እንዲንቀሳቀስ ብቻ የሚያደርገው ክፍል ከሙሉው ሕክምና ያላነሰ ረዳ። ሐሳብን ሳይመረምሩ ሰው ከተሻለው፣ መነሻው ሐሳብ ነው ማለት ይከብዳል። እርግጥ ድባቴ ሳይዛቸው በፊት ክፉ ክፉውን የሚያስቡ ተማሪዎች በኋላ የመታመም ዕድላቸው ከፍ እንደሚል የተመራማሪዋ አሎይና የባልደረቦቿ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ቤክ ያለው ከንቱ አይደለም፣ ብቻውን አይበቃም እንጂ።

እኔን እፎይ ያሰኘኝ አማካሪዬ ወረቀቷን አስቀምጣ ቤት ፍለጋውን ቀን በቀን አብራኝ ስታቅድ ነው። ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አማካሪዎቹ የኑሮ ችግራችሁንም አብረው የሚያዩ እንደሆነ ጠይቁ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለው ወይም ሞትን የሚያስብ ሰው ግን ወረቀት ሙላ አይባልም፤ ዛሬውኑ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።