ለአዲስ ላፕቶፕ የመረጥኳቸው ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ የሒሳብ ሥራ የምሠራበትን ላፕቶፕ ስቀይር፣ ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) የሚሆኑ፣ ከውጭ በኬብል የሚሰኩ ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮችም አብሬ ገዛሁ። አንዱ 2 ቴራባይት የሚይዝ ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ሲሆን፣ ሌላው 1 ቴራባይት የሚይዝ ሳምሰንግ ቲ7 ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) ነው። ክረምቱንም በጋውንም ለገጣፎ በሚገኘው ቤቴ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ምርጫዬን የወሰነው ከዋጋም ከፍጥነትም በላይ የመብራት ነገር ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ በተቀራራቢ ዋጋ የበለጠ ይይዛል፤ ነገር ግን ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳ ሶኬት ስለሆነ መብራት በሄደ ቅጽበት ቅጂው ይቋረጣል፣ ሲከፋም እየተጻፈ የነበረው ፋይል ይበላሻል። የእኔዎቹ ግን ኃይል የሚወስዱት በዩኤስቢ ከላፕቶፑ በመሆኑ፣ ባትሪው እስካለ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ቢጨልም ሥራቸውን ይጨርሳሉ። በቅጂ መሀል መብራት የሄደባቸው ምሽቶች ጥቂት አይደሉም፤ እስካሁን የተበላሸ ፋይል አላገኘሁም። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ላፕቶፑንም የተሰካበትንም ዲስክ አብሮ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩን እነቅላለሁ። ያልተሰካ ዲስክ ላይ ቫይረስም አይደርስም።

በፍጥነት ሁለቱ አይወዳደሩም። አምራቹ ለቲ7 የሚሰጠው የንባብ ፍጥነት በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በትልልቅ ፋይሎች 120 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል፣ ስካን የተደረጉ ደረሰኞችን የመሰሉ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ሲሰጡት ግን ክፉኛ ይዘገያል። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ሌሊቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም፤ ስለዚህ ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ከአንድ ፈጣን ኤስኤስዲ ይልቅ ሁለት ርካሽ ሃርድ ዲስኮች ይሻሉታል እላለሁ።

ትልቁ ጉዳይ ምን እንደሚቀዳ ማወቅ ነው። ፋይል ሂስትሪ የተባለው የዊንዶውስ 11 የባክአፕ መሣሪያ ዲስኩ በተሰካ ጊዜ የተለወጡ ፋይሎችን በየሰዓቱ ይቀዳል፤ የቀድሞዎቹን ቅጂዎችም ስለሚያስቀር፣ ተሳስቶ የተሰረዘ ሠንጠረዥ ከትናንቱ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ሆኖም የሚያየው ዴስክቶፕን፣ የሰነዶችንና የፎቶዎችን ፎልደር የመሳሰሉትን ብቻ ነው። የምሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ የድርጅቶችን መረጃ የሚያስቀምጠው ከእነዚህ ውጭ በመሆኑ፣ በፋይል ሂስትሪ ብቻ የተማመነ የሒሳብ ባለሙያ የቤተሰቡ ፎቶ ተርፎ የደንበኞቹ መዝገብ ሊጠፋበት ይችላል። እኔ ማታ ሥራ ስጨርስ በፒችትሪ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ የእያንዳንዱን ድርጅት ቅጂ አውጥቼ ሰነዶች ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፎልደሩን እንዳለ መቅዳት መረጃው በከፊል ብቻ ተጽፎ እንዲወሰድ ሊያደርግ ስለሚችል አልመክረውም። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የሚወጣው ቅጂ የራሱ ፎልደር አለው፤ እሱ ላይ ምንም አይጻፍበትም። አልፎ አልፎም አንዱን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መሥራቱን አረጋግጣለሁ።

ሃርድ ዲስኩ ከቤት አይወጣም። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውና 58 ግራም ብቻ የሚመዝነው ቲ7 ግን የታክሲውን መንገጫገጭ ስለሚችል፣ በየወሩ እየታደሰ ሳሪስ እህቴ ቤት ይቀመጣል፤ ሌባ ወይም እሳት ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳይወስዳቸው ነው። የደንበኞች መረጃ ስላለበት በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ቃሉ ከተረሳ መረጃውም አብሮ ስለሚጠፋ በወረቀት ጽፌ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ሁሉንም በኢንተርኔት ለማስቀመጥም አስቤ ነበር፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 400 ጊጋባይት መላክ ያለማቋረጥ ከ3 ቀን ተኩል በላይ ስለሚፈጅ፣ የፒችትሪ ቅጂዎችን ብቻ ጉግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ አኖራለሁ።

ቅሬታዬ የሃርድ ዲስኩ ሰፊና ስስ የኬብል መሰኪያ መላላት መጀመሩ ነው፤ ድጋሚ ብገዛ ዩኤስቢ ሲ ያለውን እመርጣለሁ። ለመግዛት ያሰበ ሰው በማይታመን ዋጋ 16 ቴራባይት ነው ተብሎ የሚቀርብለትን ትንሽ ዲስክ ይለፈው፤ የሚገዛውንም ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር አስሞልቶ የተባለውን ያህል መያዙን ይፈትሽ።