የዴቢያን 12 የቪም ፓኬጅ ከጠጋኙ ወገን ሲታይ

ኤዲተር የሚገመግም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ፍጥነቱን፣ የቁልፎቹን አጠቃቀምና የቀለሙን ማማር ነው። እኔ በዚህ ግምገማ የምመለከተው ከዚያ ሥር ያለውን ነው፤ ቪም የተባለው የጽሑፍ ኤዲተር በዴቢያን 12 (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና) ውስጥ የቀረበበት ፓኬጅ (የሚጫን የፕሮግራም ጥቅል)፣ ባግ (የኮድ ስሕተት) ሲገኝበት ለመክፈት፣ ለመጠገንና መልሶ ለመጫን ምን ያህል እንደሚመች። ኃላፊነታቸው በእኔ ላይ የወደቀ ጥቂት ሰርቨሮች አሉ፤ በሁሉም ላይ ሲሠራ የቆየው ቪም አንድ ትንሽ ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ በራሴ እጅ የተጨመረበት ነበር። ምክንያቱም አንድ የምንገለገልበት ፕለጊን (በቪም ላይ የሚጨመር ፕሮግራም)፣ ፓኬጁ ከቀዘቀዘ (አዲስ ቨርዥን መቀበል ካቆመ) በኋላ በዋናው የቪም ፕሮጀክት የተደረገን የአንድ ባግ ጥገና ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ስለነበር ነው። ስለዚህ ፓኬጁን ያወቅሁት በተጠቃሚነት ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓመት ያህል ደጋግሜ በመፍታትና በመግጠም ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ፓኬጁ አንድ አለመሆኑ ነው። ከአንድ የምንጭ ኮድ ብዙ ፓኬጆች ይወጣሉ። ከመሠረታዊው ሲስተም ጋር አብሮ የሚመጣው ቪም-ታይኒ ሲሆን፣ ብዙ ጀማሪዎች «ቪም ቀለም የለውም» ብለው የሚያማርሩት ይህን ይዘው ነው፤ የቀለም ደንቦቹና የእገዛ ጽሑፎቹ ቪም-ረንታይም በሚባል ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ስለሚገኙ ታይኒው እነርሱን አይጨምርም። ቪም ተብሎ የተሰየመው መደበኛው ነው። ቪም-ኖክስ ግራፊክስ ሳይኖረው ሉዋን፣ ፐርልን፣ ፓይተን 3ን፣ ሩቢንና ቲሲኤልን ይዟል። ቪም-ጂቲኬ3 መስኮት ያለው ሲሆን፣ በተርሚናል ብቻ የሚሠራ ሰው እንኳ ከግራፊክስ አካባቢው ጋር ጽሑፍ ኮፒና ፔስት ለመለዋወጥ ሲል ይጭነዋል። ይህ አከፋፈል ለተጠቃሚው ምቹ ነው። ለጠጋኙ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዲት የሲ ኮድ መስመር ለውጦ ፓኬጁን እንደገና የሚሠራ ሰው ሁሉም ዓይነት በየተራው ሲኮምፓይልና ሲፈተን መጠበቅ አለበት። ፈተናውን መዝለል የሚቻልበት አማራጭ አለ፤ እኔ ለሙከራ ስሠራ እዘልለዋለሁ፣ ወደ ሰርቨር የሚሄደውን ስሠራ ግን ፈጽሞ አልዘልለውም።

ፓኬጁ ሲከፈት የሚታየው ሥርዓት ግን ከጠበቅሁት በላይ የሚያስመሰግን ነው። የምንጭ ፓኬጆች የሚወርዱበት መስመር በአፕት (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ) ዝርዝር ውስጥ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ ኮዱን ለማውረድ አንድ ትእዛዝ፣ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ለመጫን ደግሞ ሌላ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። በወረደው ኮድ ውስጥ ዴቢያን የሚባል ፎልደር አለ፤ ዴቢያን የጨመረው ሁሉ በዚያ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ ከቪም ኮድ ጋር አይቀላቀልም። ፓቾቹም በዚያው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፋይል ሆነው፣ ሲሪስ በሚባል ዝርዝር ላይ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚለጠፉ ተጽፎ ይገኛሉ። ኩዊልት የሚባለው መሣሪያ በዚህ ዝርዝር እየተመራ ፓቾቹን አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል፤ ሲያስፈልግም ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይልጣቸዋል። እያንዳንዱ ፓች በራስጌው ምን እንደሚያደርግ፣ ከየት እንደመጣና ለዋናው ፕሮጀክት ተልኮ እንደሆነ የሚገልጽበት የታወቀ አጻጻፍም አለ።

ይህን ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ልማድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በኦፕንቢኤስዲ የፖርት (የፓኬጅ ማዘጋጃ) ሥርዓት ፓች የሚከፋፈለው በሚነካው ፋይል ነው፤ ለእያንዳንዱ የተለወጠ የኮድ ፋይል አንድ የፓች ፋይል ይቀመጣል። ዴቢያን ግን የሚከፋፍለው በዓላማ ነው፤ አንድ ጥገና አምስት ፋይል ቢነካም ፓቹ አንድ ነው። የኦፕንቢኤስዲው መንገድ ፓቾቹን በአንድ ትእዛዝ ለማደስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን «ይህች መስመር ለምን ተለወጠች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የዴቢያኑ ይሻላል። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ገዛ ሥራዬ ስመለስ ብዙ ጊዜ እንደ እንግዳ የምጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ፣ ሚዛኔ ወደ ዴቢያን ያደላል።

ችግሩ የሚጀምረው ጥገናን ከአዲሱ ኮድ ወደ አሮጌው ማምጣት ሲያስፈልግ ነው፤ ይህም ከቪም የቆየ አሠራር ይመነጫል። ብራም ሙሌናር ቪምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ካወጣበት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮጀክቱ እየጎለበተ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ትንሽም ይሁን ትልቅ የራሱ ተራ ቁጥር የሚሰጠው ሆነ። ዴቢያን 12 የያዘው 9.0.1378 ሲሆን፣ ይህ ማለት 9.0 በጁን 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ 1378 ፓቾች ገብተውበታል ማለት ነው። ዋናው ፕሮጀክት በዚያ አልቆመም፤ 9.1 እስኪወጣ ድረስ ቁጥሩ ከ2100 አልፎ ሄዷል። ስለዚህ በቀዘቀዘው ፓኬጅና በቀጣዩ ቨርዥን መካከል ከ700 በላይ ትናንሽ እርምጃዎች አሉ። ይህ አከፋፈል ለጠጋኝ በረከት ይመስላል፤ የፈለገውን ቁጥር መርጦ ማውጣት ይችላልና። እውነትም በአንድ ትልቅ ለውጥ ውስጥ አሥር ነገር ከሚያጭቁ ፕሮጀክቶች ጋር ሲነጻጸር ቪም እጅግ የተሻለ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያውን ፓች የሚያመጣ ሰው ወዲያው የሚጋጨው ከአንድ ፋይል ጋር ነው። ቪም የገቡትን ፓቾች ቁጥር በምንጭ ኮዱ ውስጥ፣ ቨርዥን በሚባለው የሲ ፋይል ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ይይዛቸዋል። እያንዳንዱ ፓች የራሱን ቁጥር ከቀዳሚው ቁጥር በላይ ስለሚጽፍ፣ መካከለኞቹን ዘልሎ አንዱን ብቻ ለማምጣት የሚሞክር ሰው የኮዱ ጥገና በሰላም ቢለጠፍለት እንኳ በዚህ ፋይል ላይ ሁልጊዜ ግጭት ይገጥመዋል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ከፓቹ ቆርጦ ይጥለዋል፤ እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ሆነ፤ ባጉ ተስተካክሏል፣ ፕለጊኑ ግን አሁንም አልሠራም ይላል። ነገሩ ሲመረመር ፕለጊኑ የሚጠይቀው ባጉ መኖር አለመኖሩን ሳይሆን የፓቹ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ነው። በቪም ስክሪፕት ውስጥ ያለው ይህን የሚጠይቅ ተግባር፣ ዋናው ቨርዥን አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የተጠቀሰው ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣል። ቁጥሩን በእጄ ከ1378 በላይ ስጽፈው ቪም የተካተቱትን ፓቾች ሲዘረዝር ከ1 እስከ 1378 ካለ በኋላ ያንን አንድ ቁጥር ለብቻው አሳየ፤ ፕለጊኑም ተነሣ። እኔ ይህን አሠራር ከድካሙ ጋር እወደዋለሁ፤ ኤዲተሩ በውስጡ ምን እንዳለ በሐቀኝነት ይናገራልና።

ሌላው ድካም ከፈተናዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። የቪም ሰዎች ጥገናን ከፈተና ጋር አብረው የመጻፍ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዚያ ጊዜ ባለው የመፈተኛ መሣሪያ ስለሆነ፣ በአሮጌው ኮድ ላይ ሲለጠፍ ጥገናው ትክክል ሆኖ ፈተናው ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፈተናውን መጣል ይቀላል፤ አለመጣል ይሻላል፤ እኔ በአሮጌው መንገድ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ አንዳንዴም ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል።

ስለ ደኅንነት ስናነሳ ፓኬጁ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይገባዋል። የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ሞድላይን የሚባለው፣ አንድ ፋይል በመጀመሪያዎቹ ወይም በመጨረሻዎቹ መስመሮቹ ላይ ለኤዲተሩ መመሪያ የሚሰጥበት ዘዴ፣ ከጥንት ጀምሮ የችግር ምንጭ ሆኖ ኖሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲቪኢ-2019-12735 በሚል የደኅንነት ቀዳዳዎች መለያ ቁጥር የተመዘገበው ቀዳዳ አንድን ተንኮለኛ ፋይል መክፈት ብቻ በማሽኑ ላይ ትእዛዝ ለማስኬድ እንደሚበቃ አሳይቷል፤ ጥገናውም የመጣው በፓች 8.1.1365 ነው። ዴቢያን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በራሱ የማስጀመሪያ ፋይል ሞድላይንን አጥፍቶት ስለነበር፣ ሆን ብሎ ካላበራው በስተቀር ተጠቃሚው ከዚህ አደጋ ውጭ ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ፓኬጅ አዘጋጅ ከዋናው ፕሮጀክት ፈቀቅ ማለት የሚገባው መቼ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ፍርድ ትንሽ ማመንታት አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. ባግ ላገኘ ሰው ገንዘብ የሚከፍል አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ቪምን በማካተቱ፣ የሲቪኢ ቁጥር የተሰጣቸው ግኝቶች እንደ ጎርፍ መጡ። ብዙዎቹ «አንድ ሰው ሆን ተብሎ የተሰናዳ ስክሪፕት በገዛ እጁ ቢያስኬድ ኤዲተሩ ይወድቃል» የሚሉ ናቸው። የዴቢያን የደኅንነት ቡድን እንዲህ ያሉትን አነስተኛ ብሎ መዝግቦ፣ አስቸኳይ ማሳሰቢያ ሳያወጣ ወደ ቀጣዩ የማሻሻያ ዙር ያሻግራቸዋል። ውሳኔው በቴክኒክ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በስካነር (የደኅንነት ቀዳዳ በሚፈልግ ፕሮግራም) የሚመራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ጠጋኝ ረጅም ቀይ ዝርዝር ተይዞለት ሲጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው። መልሱ በዴቢያን የደኅንነት መከታተያ ላይ በአጭሩ ተጽፎ መገኘቱ ይህን ድካም በእጅጉ ያቀልለዋል።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ፓኬጁን ለመጠገን የሚያስብ ሁሉ ሊጠነቀቀው ይገባልና። ፓች የጨመርኩበትን ፓኬጅ ስሰይም ከዴቢያኑ ቨርዥን መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት አድርጌ «ሎካል1» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ቀጠልኩበት። ዴቢያን በበኩሉ ለተረጋጋው ስርጭት የሚያወጣቸው ማሻሻያዎች ከመደመር ምልክቱ በኋላ «ዴብ12ዩ1» የሚል ቅጥያ ይዘው ይመጣሉ። ቨርዥን አወዳዳሪው ፊደላትን በተራቸው ስለሚመለከት፣ የላቲኑ ዲ ከኤል ስለሚቀድም፣ የእኔ ፓኬጅ ከዴቢያን የደኅንነት ማሻሻያ የበለጠ አዲስ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። አፕት ምንም አላጉረመረመም፤ ሁሉም ነገር የታደሰ ነው አለኝ። የማሻሻያው ምንጭ በትክክል ተመዝግቦ ሳለ ሰርቨሮቹ ማሻሻያውን ሳያገኙ ሳምንታት አለፉ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው። መፍትሔው ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ከፊደል በፊት ዜሮ ማስገባት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የራሴ ፓኬጅ ከዋናው ከፍ፣ ከደኅንነት ማሻሻያው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ማሻሻያ ሲመጣ ፓቼ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ ግን ይድናል፤ እኔም ፓቹን በአዲሱ ላይ እንደገና እለጥፋለሁ። ዲፒኬጂ የሚባለው የዴቢያን የፓኬጅ መሣሪያ ሁለት ቨርዥኖችን የሚያወዳድር ትእዛዝ ስላለው ስሙን አስቀድሞ መፈተን የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

በፓኬጁ ላይ ያለኝ እውነተኛ ቅሬታ አንድ ነው፤ እርሱም የማስጀመሪያ ፋይሎቹ ቅደም ተከተል ነው። ከቪም 8.0 ወዲህ ተጠቃሚው የራሱ ቪምአርሲ (የቪም ቅንብር ፋይል) ከሌለው ዲፎልትስ የሚባለው ፋይል ይጫናል፤ የሚጫነውም ከሲስተሙ ቪምአርሲ በኋላ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪው በኢቲሲ (የሲስተሙ ቅንብሮች ፎልደር) ሥር ለሁሉም ብሎ የጻፈው፣ ለምሳሌ የማውሱ አሠራር፣ የራሱ ፋይል በሌለው ተጠቃሚ ዘንድ ይሻራል። ሐሳቡ የዋናው ፕሮጀክት ነው፤ ዴቢያንም ይህን ማስቆም የሚቻልበትን ተለዋዋጭ በቪምአርሲው ውስጥ በማብራሪያ አስፍሮታል። ነገር ግን በሞድላይን ጉዳይ ፈቀቅ ለማለት የደፈረ ፓኬጅ እዚህ ላይ በማብራሪያ ብቻ መወሰኑ አላረካኝም። ለአስተዳዳሪ የምመክረው የዴቢያኑን ቪምአርሲ ሳይነካ ለውጡን ሁሉ ቪምአርሲ-ሎካል በሚባለው ፋይል እንዲጽፍ ነው፤ ፓኬጁ ሲታደስ «ያንተ ፋይል ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ» የሚለው ጥያቄ አይመጣበትም።

ብራም ሙሌናር በኦገስት 3 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ፣ አንድ ሰው ለሦስት አሥርተ ዓመታት የያዘው ፕሮጀክት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እኔንም አሳስቦኝ ነበር። ክርስቲያን ብራባንት ሥራውን ተረክቦ 9.1 በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ለብራም መታሰቢያ ሆኖ ወጣ፤ የፓቾቹ ተራ ቁጥርም በነበረበት ሥርዓት ቀጠለ። ለጠጋኙ ይህ ቀጣይነት ከማንኛውም አዲስ ገጽታ ይበልጣል።

በቅርቡ ሰርቨሮቹን ወደ ዴቢያን 13 ሳሸጋግር ፓቼን በአዲሱ ኮድ ላይ ለመለጠፍ ሞከርኩ፤ ኩዊልትም ለውጡ ቀድሞ የገባ መሆኑን ነገረኝ። ስሙን ከሲሪስ ዝርዝር ላይ ሰርዤ፣ የራሴን ፓኬጅ ከሰርቨሮቹ አንሥቼ፣ የዴቢያኑን እንዳለ ጫንኩ። ፕለጊኑ ያለ ምንም ጥያቄ ይሠራል።